ካምቢዮ በቡሎን አይሳብም፦ «መሪ ፒኑ ካለ መለካት ለምኔ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሶማሌ ተራና በተክለ ሃይማኖት አካባቢ መካኒኮች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ፤ ስለ ማንዋል ካምቢዮ (በእጅ የሚለወጠው የማርሽ ሳጥን) አገጣጠም የሚያወራ። ጸሐፊው ስማቸውን ባይገልጹም ግራሶ የነካቸው ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። መኪናን በክሪክ ብቻ አንስቶ ከሥር መግባት እንደማይገባ፣ የቮላኖ (በሞተሩ ኋላ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ቡሎን በግምት ሳይሆን የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ ቶርክ መፍቻ እንደሚጠብቅ የጻፉት ክፍል ታትሞ በየጋራዡ ግድግዳ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል። ጠባችን የሚጀምረው ቤልሃውዚንጉ ላይ ሲደርሱ ነው።

ቤልሃውዚንግ የምለው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ሆኖ ቮላኖውንና ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውንና የሚለየውን) የሚያቅፈውን ደወል መሰል ቅርፊት ነው። ጽሑፉ ስለ እሱ የሚለው ሲጨመቅ ይህን ይመስላል፦ ዳወል የሚባሉት፣ ቅርፊቱን ሞተሩ ላይ በቦታው የሚያስይዙት መሪ ፒኖች እስካሉ ድረስ ቅርፊቱ በራሱ መሃል ይይዛል፤ በዳያል ጌጅ (የሚሊ ሜትር መቶኛን በመርፌ በሚያሳይ መለኪያ) መለካት የውድድር መኪና ያላቸው ፈረንጆች ቅንጦት ነው፤ ካምቢዮው እምቢ ካለ በቡሎን እየሳቡ ማስገባት ነው፤ የፕላስቲኳ ማስተካከያ ዘንግ ከገባች አላይመንቱ አልቋል፤ በክራንክሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ቶሎ ከተበላች ዕቃው የማይረባ ስለሆነ ነው፤ ከተገጠመ በኋላ ድምፅ ቢሰማም «ይለማመዳል»። ሁሉም እኩል ስህተት አይደሉም፤ እኔም እኩል ቦታ አልሰጣቸውም።

«መሪ ፒኖቹ እስካሉ ድረስ መሃል መያዙ አያጠራጥርም»

በግማሹ እስማማለሁ። ፋብሪካው ሞተሩን ሲሠራ የክራንክሻፍቱን መቀመጫና የመሪ ፒኖቹን ቀዳዳ አንዱን ከሌላው ለክቶ ነው የሚበሳው። ቤልሃውዚንጉም ላይ የፒን ቀዳዳዎቹና ካምቢዮው አፍንጫውን የሚያስገባበት የመሃሉ ክብ ቀዳዳ እንዲሁ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ የፍሪሲዮን ሸራ (ቮላኖው ላይ የሚጫነውን ክብ ሳህን) ለመቀየር ብሎ ካምቢዮ ያወረደ ሰው ያንኑ ካምቢዮ፣ በዚያው ቤልሃውዚንግ፣ እዚያው ሞተር ላይ የሚመልስ ከሆነ ዳያል ጌጅ አምጣ አልለውም። ገጾቹን ያጽዳ፣ ፒኖቹን ይይ፣ ይግጠም። ካምቢዮውና ቅርፊቱ አንድ ወጥ ሆነው በተሠሩበት መኪና ላይማ፣ ለምሳሌ በፊት እግራቸው በሚጎተቱት በአብዛኞቹ ላይ፣ ቀዳዳውን በጌጅ ዞሮ ለመለካት መንገዱም የለም። እዚያ ያለው ዋስትና ፒኑና የገጹ ንጽህና ብቻ ነው።

ችግሩ እኛ ሰፈር ፒኖቹ ብዙ ጊዜ የሉም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን አሮጌ መኪና ማስታመም የግድ ሆኗል። ሞተሩ ከአንድ ከተፈታ መኪና፣ ካምቢዮው ከሌላ፣ ቤልሃውዚንጉ ከሦስተኛ ይመጣል። ሶማሌ ተራ በየመደብሩ ደጃፍ የተደረደሩትን ካምቢዮዎች ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው የፒኖቹን ቀዳዳ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ፒኑ አሮጌው ሞተር ላይ ተጠርቅሞ ቀርቶ ከሞተሩ ጋር ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጧል። ሻጩ አያነሳውም፣ ገዢውም አይጠይቅም።

ፒን ከሌለ ቅርፊቱን የያዙት ቡሎኖቹ ናቸው። ቡሎን ደግሞ ያጣብቃል እንጂ መሃል አያስይዝም። የ10 ሚሊ ሜትር ቡሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ በተለምዶ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ቅርፊቱ ወደየትኛውም ጎን ግማሽ ሚሊ ሜትር መንሸራተት ይችላል። የት እንደሚንሸራተት ደግሞ መኪና ሥር ተኝቶ ያጠበቀ ሁሉ ያውቃል፦ ወደ ታች። ግማሽ ሚሊ ሜትር ምን አላት ይባል ይሆናል። በብዛት የሚሠራበት የመሃል ዝንፈት ልክ ግን 0.13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረት ብዙም አያልፍም። ከዚያም አጥብቀው የሚይዙ የካምቢዮ አምራቾች አሉ።

ቅርብ ጊዜ የአንድ ፒካፕ ካምቢዮ ወርዶ አይቻለሁ። ባለቤቱ ከጎጃም በረንዳ ወደ ሜክሲኮና ቂርቆስ ሽንኩርትና ድንች ያመላልስበታል፤ «ሦስተኛ ማርሽ ይተፋብኛል» ብሎ ነው ያመጣው። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ሞተር ተቀይሮለታል። ቤልሃውዚንጉ ሲፈታ አንዱ ፒን ከነጭራሹ የለም። ሁለተኛው አለ፤ ነገር ግን ቀዳዳው ተበልቶ ሞላላ ስለሆነ ፒኑ እንዳይወላወል ዙሪያውን በሹል ብረት ጠቅጥቀው አጥብበውታል። የጥቅጠቃው እብጠት ገጹ ላይ ቆሟል፤ ጣት ሲያልፍበት ይቧጭራል። በእብጠቱ ላይ ሲሊኮን ተቀብቶበታል። እንግዲህ በጽሑፉ መሠረት ይህ መኪና ፒን አለው።

ጸሐፊው የቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ናፍጣ ሞተሮች ቤልሃውዚንግ ይወራረሳሉ ብለው እንደ ማስረጃ አቅርበዋል። ይወራረሳሉ፤ አልክድም። አንድ ቤተሰብ ስለሆኑም፣ ፒኖቹ ተሟልተው ገጹ ጤነኛ ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግር አይፈጥሩም። የሚያሳስበኝ የወረሰው ቅርፊት ያለፈበት ነው፤ ተጋጭቶ ይሁን፣ ተበይዶ ይሁን፣ ተጠቅጥቆ ይሁን ቡሎን ሲገባ አይናገርም። በአዳፕተር ሰሌዳ (የማይገጥሙ ሁለት ዕቃዎችን በሚያገናኝ ብረት) የሌላ ፋብሪካ ካምቢዮ የተገጠመለት ሞተር ከሆነ ደግሞ ስለ ፋብሪካ ልክ ማውራት ራሱ ከንቱ ነው። ልኩን የወሰነው ሰሌዳውን የበሳው ሰው ነው።

«በዳያል ጌጅ መለካት የውድድር መኪና ላላቸው ፈረንጆች ነው»

እዚህ ላይ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። የውድድር መኪና ካምቢዮ በየጊዜው ይፈታል፣ ይታያል፣ ዕቃው ሳይሰበር ይለወጣል። ሚኒባስ ታክሲ ግን ከንጋት እስከ ምሽት ይሠራል። ከለገሃር ወደ ፒያሳ በቸርችል ዳገት በመንገድ መዘጋጋት ውስጥ በግማሽ ፍሪሲዮን ተንጠልጥሎ ይወጣል፤ ካምቢዮው የሚከፈተው እንዳይሆን ከሆነ በኋላ ነው። ትክክለኛ ልክ የሚያስፈልገው ለየትኛው እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ከመሃል መውጣት የሚያደርሰው ጉዳት እንዲህ ነው። የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ከኋላ በካምቢዮው ኩሽኔታ፣ ከፊት በክራንክሻፍቱ ጫፍ ባለችው ትንሿ ፓይለት ኩሽኔታ ተይዟል። ሁለቱ መያዣዎች በአንድ መስመር ላይ ካልሆኑ ዘንጉ በእያንዳንዱ ዙር ይጎብጣል፣ ይመለሳል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ይህ በሰከንድ 50 ጊዜ ማለት ነው። ብረቱ ዝም ብሎ አይችለውም፤ መጀመሪያ ፓይለቷ፣ ቀጥሎ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ፣ አንዳንዴም የሸራው እምብርትና ስፕሪንጎቹ ይከፍሉታል።

አለካኩ እነሆ። ፍሪሲዮኑ ይወልቅና ቮላኖው በቦታው ይቀራል። ቤልሃውዚንጉ ካምቢዮ ሳይኖርበት ባዶውን ይታሰራል፤ በሁሉም ቡሎን፣ በሙሉ ጥብቀት። በሁለት ቡሎን አንጠልጥሎ መለካት ራስን ማታለል ነው። የዳያል ጌጁ ማግኔት ቮላኖው ላይ ይቀመጥና ጫፉ የመሃሉን ክብ ቀዳዳ የውስጥ ግድግዳ እንዲነካ ይደረጋል። ባትሪ ይነቀላል፤ ሞተሩ እንዲቀል ካንዴላዎቹ ይወልቃሉ። ከዚያ ክራንክሻፍቱን ከፊት በፑሊው ቡሎን በቀስታ እያዞሩ በአራት ቦታ ማንበብ ነው።

ጫፉ ሲጫን ቁጥሩ በሚጨምር ጌጅ ታች ላይ ዜሮ አደረግን እንበል። ሲዞር በቀኝ 0.15፣ ላይ 0.40፣ በግራ 0.25 አነበበ። የላይና የታች ድምር 0.40 ነው፤ የቀኝና የግራም 0.40። ድምሮቹ ስለገጠሙ ንባቡ ይታመናል፤ ካልገጠሙ ወይ ማግኔቱ ተንሸራቷል ወይ ቀዳዳው ክብ አይደለም። ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ 0.40 ዝንፈቱ ሳይሆን የዝንፈቱ እጥፍ ነው። ቅርፊቱ ወደ ታች የወረደው 0.20፣ ወደ ጎን የሄደው ደግሞ 0.05 ነው፤ ተዳምሮ 0.21 ገደማ ይሆናል፣ ከልኩ በላይ። ወዴት ይግፋ ለሚል፣ ጫፉ ይበልጥ የተጫነበት ጎን ግድግዳው ለመሃሉ የቀረበበት ነው፤ ቅርፊቱ የሚሄደው ወደዚያው ነው። በዚህ ምሳሌ ወደ ላይ።

ይህ ካለቀ በኋላ የጌጁን ጫፍ ካምቢዮው በሚያርፍበት የኋላ ገጽ ላይ አድርጎ መድገም ያስፈልጋል፤ ገጹ ዘመም ያለ ከሆነ መሃሉ ቢስተካከልም ካምቢዮው አዘንብሎ ይቀመጣል። ክራንክሻፍት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት ስለሚጫወት ሲዞር ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ይያዝ። አለዚያ የተለካው የክራንክሻፍቱ ልልነት ነው።

ማስተካከያውስ? ለአሜሪካ ሞተሮች ግማሽ አካላቸው ከመሃል የወጣ መሪ ፒኖች 0.18፣ 0.36ና 0.53 ሚሊ ሜትር እየተባሉ ተዘጋጅተው ይሸጣሉ። በምሳሌያችን ባለ 0.18ቱ ጥንድ ፒን ወደ ላይ ዞሮ ቢገባ የሚቀረው ዝንፈት 0.05 ገደማ ነው፤ ሥራው አለቀ። እኛ ለምንሠራባቸው ቶዮታና ኢሱዙ ግን መሄጃው ብረት በማሽን የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ነው፤ የሞተሩንና የቅርፊቱን ቀዳዳ ለክቶ፣ የሚፈለገውን ዝንፈት ጽፎ ለቶርኖ ባለሙያው መስጠት። ቀዳዳው እንደዚያ ፒካፕ ሞላላ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ፒን ሳይገባ ቡሎኖቹን ለስለስ አድርጎ አስይዞ፣ ጌጁን እያዩ ቅርፊቱን በጎማ መዶሻ መሃል እስኪይዝ መታ መታ ማድረግ፣ ማጥበቅ፣ እንደገና መለካት፤ ከዚያ ሞተሩንና ቅርፊቱን አንድ ላይ በስቶ በሪመር (ቀዳዳን በልኩ በሚያሰፋ መሣሪያ) አስተካክሎ ወፈር ያለ አዲስ ፒን ማስገባት ነው። አድካሚ ነው። ቢሆንም አንዴ ከተሠራ ለሚቀጥለው መካኒክም ይተርፋል።

«ጌጁ ከየት ይመጣል?» ብለው ጠይቀዋል። ከቀጣዩ በር። ጌጅ የሌለው ቶርኖ ቤት ስሙ ነው እንጂ ቶርኖ ቤት አይደለም። ተግባረ ዕድን በመሰለ ትምህርት ቤት ያለፈ ረዳት ያለው ጋራዥማ የሚያነበው ሰውም አያጣም፤ ልጁን መጥረጊያ ከማስያዝ ጌጅ ማስያዝ ነው።

«እምቢ ካለ ረዘም ያለ ቡሎን አስገብቶ በተራ በተራ እየሳቡ ማጥበቅ»

ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛው ምክር ይኼ ነው፤ በብዛት የሚሠራበትም ይኼው ነው። ረዳቱ ከሥር ሆኖ «ጋሼ፣ ሁለት ጣት ቀርቶታል፤ አልገባ አለ» ይላል። ጋሼ ከላይ ሆኖ «ቡሎን አስይዝና ሳበው!» ይመልሳል። ቡሎኑ ይዞራል፣ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ማንም የማያየው ውስጥ ያለውን ነው።

ጤነኛ ካምቢዮ የመጨረሻዋን ጣት በእጅ ግፊት ይገባል። እምቢ ያለው በምክንያት ነው። የዘንጉ ጥርስ ከሸራው ጥርስ አልገጠመ ይሆናል፤ ፓይለቷ ጠማማ ገብታ ወይም ልኳ ሌላ ሆኖ ይሆናል፤ የመሃሉ ቀዳዳ ከክራንክሻፍቱ መስመር ወጥቶ ይሆናል፤ ዘንጉ ራሱ ረዝሞ ክራንክሻፍቱን ነክቶ ይሆናል። ቡሎን ከእነዚህ አንዱንም አይፈታም። ጉልበቱን ወደ ደካማው ቦታ ያዛውረዋል እንጂ፦ የፓይለቷን ኳሶች ይጨፈልቃል፣ የአሉሚኒየሙን ቅርፊት ጆሮ ይሰነጥቃል፣ ዘንጉ ክራንክሻፍቱን ከነካ ደግሞ ግፊቱን ወደ ክራንክሻፍቱ የጎን ኩሽኔታ ይወስደዋል።

ከሁሉ ተንኮለኛው ጉዳት ሸራው ላይ የሚደርሰው ነው። ክሪኩ ትንሽ ዝቅ ሲል የካምቢዮው ክብደት ሁሉ በዘንጉ በኩል የሸራው እምብርት ላይ ይንጠለጠላል። ሸራው ሳስ ያለ ቆርቆሮ ነው፤ ይጎብጣል። የጎበጠ ሸራ ፔዳሉ ቢረገጥም ቮላኖውን ሙሉ በሙሉ አይለቅም። መኪናው ሲነሳ ኋላ ማርሽ ይፈጫል፣ አንደኛ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ የፔዳሉን ግፊት የሚያስተላልፈው ማስተር ሲሊንደር ይቀየራል፣ አየር ይወጣለታል፣ ገመድ ያለውም ገመዱ ይወጠርለታል። ጥፋተኛው ግን ያ የተሳበ ቡሎን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

በምትኩ እንዲህ ይደረግ። ሁለት ረጃጅም ቡሎን ፈልጎ ራሳቸውን መቁረጥና እንደ መሪ ዘንግ ግራና ቀኝ ሞተሩ ላይ ማሰር፤ ካምቢዮው በእነሱ ላይ ተንሸራቶ ይመጣል፣ ክብደቱም ሸራው ላይ አይወድቅም። ካምቢዮውን ማርሽ ውስጥ ከትቶ የኋላውን መውጫ በእጅ ማዞር፤ ጥርስ ከሆነ ያገደው ወዲያው ይገባል። የሞተሩን ኋላ በክሪክ ዝቅ ከፍ አድርጎ የሁለቱን ዝንባሌ ማመሳሰል። በዙሪያው ያለው ክፍተት ላይና ታች እኩል መሆኑን በዓይን ማየት። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም እምቢ ካለ ማውረድና ምክንያቱን መፈለግ ነው። ቡሎን የሚገባው ገጽ ከገጽ ከተገናኘ በኋላ ነው።

«የፕላስቲኳ ዘንግ ከገባች አላይመንቱ አልቋል»

አላለቀም። ፕላስቲኳ የምታስተካክለው ሸራውን ከፓይለቷ ጋር ብቻ ነው። ቤልሃውዚንጉ ያን ጊዜ ገና መሬት ላይ ነው ያለው፤ ስለ እሱ ልትነግረን የምትችለው ነገር የለም።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካውን አንድ ነገር እዚህ ልጨምር፤ በሞተሩና በቤልሃውዚንጉ መካከል የምትገባውን ስስ የብረት ሰሌዳ። ብዙ ሞተር ላይ አለች። ሞተር ሲቀየር «የአቧራ መከላከያ ናት» ተብላ ትጣላለች። እሷ ስትቀር ካምቢዮው በውፍረቷ ያህል ወደ ፊት ይጠጋል፣ የሞተሪኖውም (የሞተር ማስነሻው) ጥርስ ከቮላኖው ጋር የሚገናኝበት ርቀት ይለወጣል። ሲነሳ የሚጮኸው ሞተሪኖ ሁሉ ሞተሪኖው አይደለም ጥፋተኛው። ደግሞ ሁለት ደረቅ ገጾች መካከል ሲሊኮን አይቀባ፤ ቤልሃውዚንጉ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በአብዛኛው ዘይት የሚይዝበት አይደለም፣ ሲሊኮኑ እኩል ስለማይጨመቅም ገጹን ያዛንፋል።

«ትንሿ ኩሽኔታ ቶሎ የምትበላው ዕቃው ስለማይረባ ነው»

አስመስሎ የተሠራ ኩሽኔታ ገበያችን ውስጥ መኖሩን ማንም አይክድም። ነገር ግን ያው ዓይነት ኩሽኔታ ጎረቤት መኪና ላይ ዓመታት ሲያገለግል እዚህኛው ላይ በተደጋጋሚ ካለቀ ጥያቄው ወደ ሻጩ መሄዱ ያቆማል። አሮጌዋን ከመጣል በፊት መመልከት ነው። ዙሪያዋን እኩል የተበላች ከሆነ ዕድሜዋን ጨርሳለች፣ ወይም ግራሶ አጥታለች። የዘንጉ አፍንጫ ጠርዝ ላይ የሚያብለጨልጭ ጠባብ ቀለበት ካለና ኩሽኔታዋ በአንድ ጠርዟ ተፈጭታ ከተገኘች ግን ዘንጉ ዘንበል ብሎ ሲሠራ ኖሯል። የዚያ ፒካፕ አፍንጫ ላይ ቀለበቱ በጥፍር ይያዝ ነበር። ኩሽኔታዋ የምትሸጥበት ዋጋ ካምቢዮ ለማውረድና ለመመለስ ከሚከፈለው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ደጋግሞ የሚያስከፍለው ማውረዱ ነው።

የከበደ ማርሽን በዘይት ለውጥ እንፍታው ማለታቸውን ብዙም አልጣላውም፤ የተሳሳተ ዘይት ማርሽ ያከብዳል፣ ጂኤል-4 የተባለውን የዘይት ደረጃ በሚጠይቅ ካምቢዮ ውስጥ ጂኤል-5 መጨመርም ማርሹ ሲገባ ፍጥነቱን ለሚያመሳስለው የነሐስ ሲንክሮናይዘር አይመከርም። መለያው ግን ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹ ሁሉ ያለ ችግር እየገቡ ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ከከበዱ ዘይቱን ተዉትና ፍሪሲዮኑንና ፓይለቷን ጠርጥሩ።

«ድምፁ ይለማመዳል»

አዲስ ሸራ መለማመጃ ይፈልጋል፤ እሱን አልክድም። ኩሽኔታ ግን ድምፅ ማሰማት ከጀመረ በኋላ የሚለማመደው ነገር የለም። ድምፁ ከየት እንደሆነ ካምቢዮውን ሳያወርዱ መለየት ይቻላል። ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሽ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ፔዳሉ ሳይረገጥ የሚጮኽና ሲረገጥ ዝም የሚል ከሆነ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘንጉ ስለሚቆም ድምፁም ይቆማል። ፓይለቷ ተቃራኒ ናት፦ ፔዳሉ ካልተረገጠ ክራንክሻፍቱና ዘንጉ አብረው ስለሚዞሩ እሷ አትሠራም፤ የምትጮኸው ፔዳሉ ተረግጦ፣ በተለይ ማርሽ ገብቶ መኪናው ቆሞ ሳለ ነው። ማርሽ ዜሮ ላይ እያለ ፔዳሉ ገና በትንሹ ሲነካ የሚመጣው ድምፅ ደግሞ በአብዛኛው ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ነው።

ካምቢዮው በተገጠመ ማግስት የፓይለቷ ድምፅ የተሰማበት መኪና ጭነት ይዞ ወደ እንጦጦ ዳገት አይላክ። ካምቢዮው ያኔውኑ ይውረድ። ሲወርድም ኩሽኔታዋን ለውጦ ብቻ ከመመለስ በፊት ቤልሃውዚንጉ ባዶውን ታስሮ ጌጁ ይዙር፤ ቁጥሩም በኖራ ቮላኖው ሽፋን ላይ ሳይሆን ለባለቤቱ በሚሰጠው ደረሰኝ ጀርባ ይጻፍ፣ ቀጥሎ የሚከፍተው መካኒክ ከየት እንደሚጀምር እንዲያውቅ።